በበረኪና ገጽ ላይ የተነሣው ጠብ

አጣቢዋ ሰው ፊት መናገር የማይሆንላት ሴት ናት። የእንግዳ ማረፊያው አለቃ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ጥያቄ ያለው?» ሲል እሷ ከሁሉም ኋላ ቆማ የሽርጧን ጫፍ ትጠቀልላለች። አንሶላ ጎደለ ተብላ ስትወቀስ፣ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ልቧ እያወቀ፣ «እሺ» ብላ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት። እሱንም አራት ወር ተምራ አቋረጠችው። ታነባለች፤ ግን ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው። ሰው ካያት ታቆማለች። መጻፉንም ትጽፋለች፤ ለማንም ግን አሳይታ አታውቅም።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ከሚያነበው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ጋር አንገት ላንገት የተናነቀችው ይቺው ሴት ናት።

ነገሩ በታናሽ እህቷ ጀመረ። ታናሿ የቢሮ ጽዳት ሥራ አግኝታ ገና ሳምንቷ ነበር። አንዱ ሽንት ቤት ውስጥ፣ መቀመጫው ላይ፣ እንደ ዝገት የደረቀ ቢጫ እድፍ አለ። ብትፈገፍገው፣ ብትፍቀው አልለቅ አላት። ከሷ በፊት የነበረችው ሴት በዚህ እድፍ ሰበብ ነው የተባረረችው ብለዋታል። ታላቋን እንዳትጠይቅ ታላቋ ሥራ ላይ ስልክ አታነሣም። ስለዚህ ስልኳን አወጣችና «በረኪና» ብላ ጻፈች። መዝገበ ዕውቀቱ መጣላት። ከላይ በረኪና ምን እንደሆነ ያብራራል። ወረድ ብሎ ደግሞ «ለደረቀ የሽንት ቤት እድፍ አሲድና በረኪና ይጠቀማሉ» ይላል። በቃ። ሌላ ቃል የለውም። ልጅቱም ያለውን አደረገች። በሩን ዘግታ ሁለቱንም አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጠቻቸው።

ያገኛት ጥበቃው ነው፤ ኮሪደር ላይ በአራት እግሯ ስትድህ። ሐኪሙ «ተርፋለች፤ ሳንባዋ ግን እንደ ድሮው አይሆንም» አለ። ከዚያ ወዲህ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ሥራውም በዚያው ቀረ።

አጣቢዋ መጀመሪያ የተቆጣችው በራሷ እህት ላይ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ በረኪና ውስጥ ስዘፈዘፍ የኖርኩ እህት እያለችሽ! ሁለቱ አንድ ዕቃ ውስጥ እንደማይገቡ እኔን መጠየቅ ሞት ነበር?»

«ተጽፏል እኮ፣ እታለም» አለች ታናሿ፣ በየቃሉ መሀል እያረፈች። «ምንጭ አለው። ቁጥር ሁሉ ተደርጎበታል። እይው።»

አየችው። ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጥር አለች። ስትነካት ወደ ታች ወሰደቻት፤ እዚያ «የቤት ጽዳት መምሪያ፣ ገጽ አርባ አንድ» ይላል። ተመልሳ ስትወጣ ከጎኑ «አስተካክል» የሚል ቃል አየች።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ስህተት ያየ ሰው ያስተካክላል። የሁሉም ነው፤ የሚጽፉትም በነጻ ነው።»

«እኔም?»

«አንቺም።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ልብስ ማስጫው ግቢ ወጣች። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበትና፣ አንሶላዎቹ ከሰው ዓይን ጋርደዋት፣ ስም ቢጠይቃት «አጣቢዋ» ብላ መጻፍ ጀመረች። አንዷን ፊደል ፈልጋ እስክታገኝ ሌላዋ ትጠፋባታለች። ምሳዋን ሳትበላ ሰዓቱ አለቀ። የጻፈችው ግን ይኸው ነው፤ «ይህ ውሸት ነው። እህቴን ሊገድላት ነበር። አንተ የጻፍከው ሰው ራስህ ባልዲ ውስጥ ቀላቅለህ አሽትተው!!!»

የእንግዳ ማረፊያው ልብስ ተኳሽ ሲጋራውን ሊያጨስ ወጥቶ አያት።

«እትዬ፣ በስተርጅና ፍቅር ያዘሽ እንዴ? ስልኩን እንደዚያ አፍጥጠሽበት!»

«ሂድ ከዚህ! ካውያህ ልብስ ያቃጥልልህ» አለችው።

ስምንት ደቂቃ አልቆየም። ተመልሳ ብታየው ጽሑፏ የለም። ያ ዓረፍተ ነገር እንደ ነበረው ተኮፍሶ ተቀምጧል። «ሚዛን» የሚባል ሰው፣ ስሙ ነው እንግዲህ እዚያ ቤት፣ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «ምንጭ የሌለው፣ ጨዋነትም የጎደለው። ወደ ነበረበት ተመልሷል።»

ዓረፍተ ነገሩን ደመሰሰችው። መለሰው። ደመሰሰችው። መለሰው። እርጥብ አንሶላ ለሁለት ይዘው እንደሚጓተቱ ሰዎች፣ እሷ ከዚህ እሱ ከዚያ። በሦስተኛው ላይ ልብስ ተኳሹ አዘነላትና ከገጹ ጀርባ «ውይይት» የሚባል ሌላ ገጽ እንዳለ አሳያት። አርታኢዎቹ የሚሟገቱት እዚያ ነው። ሚዛን ቀድሟት ገብቶ ጠብቋታል።

«ውድ ተጠቃሚ፣ እዚህ የምንጽፈው የምናውቀውን ሳይሆን ታትሞ የወጣውን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ምንጭ አለው። የእርስዎ ምንጭ ምንድን ነው?»

«ምንጬ እህቴ ናት» ብላ ጻፈች።

«እህትዎ ታትመው አልወጡም።»

ይህን ስታነብ ደሟ ፈላ። «አንተ ልብ የለህም እንዴ? ሐኪም ቤት መጥተህ እያት!!» አለችው። እሱ ሳይመልስ ሌላ ሰው ገባ። «ሰላም ፈላጊ» ይባላል፤ ሥራው ሰዎች በሥርዓት እንዲነጋገሩ መቆጣጠር ነው አሉ።

«እህታችን፣ በዚህ ቤት ሰውን አንተ አንልም፤ እርስዎ ይበሉ። ሁለተኛ፣ ከአስተያየትዎ ሥር ስምዎን ያኑሩ። ሦስተኛ፣ ቃለ አጋኖ አያብዙ፤ መጮህ ይመስላል።»

«እየጮህኩ እኮ ነው!» አለች አጣቢዋ፣ ለስልኩ። ቤት ሲቃጠል ውሃ ይዞ የመጣን ሰው ጫማህን አውልቀህ ግባ እንደማለት ሆነባት። ያ ዓረፍተ ነገር እኮ አሁንም እዚያው ነው። አሁን፣ እነሱ ስለ ቃለ አጋኖ ሲያወሩ፣ የሆነች ሴት የሆነ ቦታ ባልዲ ይዛ እያነበበችው ይሆናል። እንቅልፍ የነሣት ይኸው ነው። እህቷ የሆነችው ሆናለች፤ የምትፈራው ቀጣይዋን ነው።

ልብስ ተኳሹ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ነው እትዬ። ቀስ ብለሽ ያዢው» አላት።

«ያንተ እህት ብትሆን ቀስ ትል ነበር?»

ሲጋራውን ረግጦ አጠፋና ወደ ካውያው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ያደረገችው ነገር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋት ነው። እሷ ጥፋት መሆኑን አላወቀችም እንጂ። ሚዛን በማግስቱ የመጨረሻ ቃሉን ጻፈ፤ «በረኪናና አሲድ አብሮ መጠቀም ጎጂ ስለመሆኑ የቀረበ ማስረጃ የለም። ዓረፍተ ነገሩ ይቆያል።» ከሥሩ ስሙንና ሰዓቱን አኖረ። አጣቢዋ ጣቷን እያስኬደች አነበበችው። ስህተት ነው። ከስህተቱ ጎን ደግሞ ያው «አስተካክል» የሚለው ቃል አለ። ታዲያ ስህተት ያየ ያስተካክላል ተብሎ የለ? ነካችውና አስተካከለችው፤ «በረኪናና አሲድ አብሮ መጠቀም ጎጂ ስለመሆኑ ማስረጃዋ የአጣቢዋ እህት ናት። ዓረፍተ ነገሩ ይጥፋ።» የሚዛን ስም ከሥሩ እንዳለ ቀረ። ቃለ አጋኖም አልጨመረችም። በሥርዓት ሠራሁ ብላ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እያንጎራጎረች የትራስ ልብስ ስታጥፍ ዋለች።

በማግስቱ ስልኳን ስትከፍት ገጹ እሳት ሆኗል።

«ቃሌን ቀየረችው! ያላልኩትን በስሜ አስባለችኝ! ይህ ስም ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሐሰተኛ ማስረጃ ነው!» ብሏል ሚዛን፤ ቃለ አጋኖውን እሱ ሲያደርገው ማንም ምንም አላለውም። ሰላም ፈላጊ ከሥር «በውይይት ገጽ የሌላ ሰው ቃል አይነካም። ተጠቃሚ አጣቢዋ ለአንድ ሳምንት ታግዳለች» ብሎ ዘጋባት። አላወቅሁም ልትል ብትሞክር መጻፊያው አልከፈት አለ።

ለልብስ ተኳሹ አሳየችው። ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው።

«እትዬ፣ በሰው አፍ ተናገርሽ እኮ።»

«ስህተት ነበር። አስተካክል ይላል።»

«የጽሑፉን ነው እንጂ የሰውየውን አፍ ነው እንዴ!»

ያኔ ገባት። ፊቷ እንደ ካውያ ጋለ። ሰው ሁሉ ያያት፣ ሰው ሁሉ «ይቺ መሃይም» ያላት መሰላት። ምድር ቤት ወርዳ የማጠቢያውን ማሽን በር እስኪነቃነቅ ዘጋችው። ጥቂት ቆይታ ግን ከእፍረቱ የበለጠ ንዴት መጣባት። የኔን ቃል በስምንት ደቂቃ ደምስሶ ምንም አልተባለ። የሱን ቃል ብነካ ወንጀለኛ ሆንኩ። እሺ፣ ነካሁ፤ አጠፋሁ። የሱ ዓረፍተ ነገርስ ሰው አልነካም?

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ተዪው» አላት ልብስ ተኳሹ።

«ወረቀቱን አይቼ ነው የምተወው» አለችው። «ገጽ አርባ አንድ ይላል አይደል? ገጽ አርባ አንድን አያለሁ።»

ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ከዚያ በፊት በሩ ላይ እንኳ ቆማ አታውቅም። ሽርጧን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እጇ ግን ከሩቅ ይሸታል፣ በረኪና አይለቅም። መነጽር ያደረገችው ሠራተኛ ቀና ብላ አየቻት።

«ለልጅሽ ነው?»

«ለራሴ ነው። የቤት ጽዳት መምሪያ የሚባል።»

ሠራተኛዋ ከምድር ቤት መደርደሪያ ፈልጋ አመጣችላት፤ ልባሱ የተቀደደ፣ ቀጭን መጽሐፍ ነው። አጣቢዋ ጥግ ያለ ወንበር መርጣ ተቀመጠች። አርባ አንድን ለማግኘት ራሱ ጊዜ ወሰደባት። ከላይ ስለ መጋረጃ ይላል፤ ቀጥሎ ስለ ምንጣፍ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ልቧ መታ፤ «ለደረቀ የሽንት ቤት እድፍ አሲድና በረኪና ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን ሁለቱን» ይልና ገጹ ያልቃል።

ነገር ግን ሁለቱን ምን?

ገለጠችው። «በአንድ ጊዜ መጠቀም ፈጽሞ ክልክል ነው። በመጀመሪያ በአሲዱ ይታጠባል፤ በብዙ ውሃም ይለቀለቃል፤ በረኪናው በማግስቱ ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ሳንባን የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል።»

ራሷን አላመነችም። አንብባ መሳሳት የለመደች ናትና ሁለቴ፣ ሦስቴ ደገመችው። ከዚያ አፍራም ቢሆን ወደ ሠራተኛዋ ሄደች።

«እባክሽ እህቴ፣ ይቺን ቦታ አንብቢልኝ። እኔ እየተሳሳትኩ ይሆናል።»

ሠራተኛዋ በለሆሳስ አነበበችላት። አጣቢዋ ካነበበችው በአንዲት ቃል እንኳ አልተለየም። አጣቢዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። አንባቢው ሁሉ ዘወር አለ።

«እመቤቴ፣ እዚህ አይጮኽም» አለቻት ሠራተኛዋ።

«የትም አይጮኽም» አለች አጣቢዋ። «የሚጮኽበትን ቦታ የሚያሳየኝ አጣሁ።» ሁለቱንም ገጾች በስልኳ ፎቶ አነሣችና ወጣች።

ማክሰኞ እገዳው ሲያልቅ ለምሳ ሰዓት ደረሰላት። በዚያ ሳምንት ውስጥ በልቧ ስትጽፍ ስትሰርዝ ከርማ ነበርና እጇ እምብዛም አልዘገየም። ልብስ ተኳሹ ካጠገቧ ቆሞ ያያል፤ ዛሬ ሂድ አላለችውም።

«ክቡር ሚዛን፣ በመጀመሪያ ቃልዎን ስለ ነካሁ አጥፍቻለሁ፤ አላወቅሁም ነበር። አሁን እርስዎ እንዳዘዙት በሥርዓት እጠይቅዎታለሁ። ያመጡት መጽሐፍ እጄ ገብቷል። ገጽ አርባ አንድ ነገር ግን ሁለቱን ብሎ ነው የሚያልቀው። እርስዎ ነገር ግን ሁለቱን የሚለውን የት አደረሱት? ገጽ አርባ ሁለትን ይግለጡልኝ። ፎቶው ይኸው። እህቴ አልታተመችም፤ ይሄ ግን ታትሟል። አጣቢዋ።»

«ኧረ እትዬ» አለ ልብስ ተኳሹ፤ «ይሄ እርስዎሽ ከስድብ ይብሳል!»

ሚዛን ያን ቀን ዝም አለ። ስምንት ደቂቃ የማይቆየው ሰው አንድ ቀን ሙሉ ጠፋ። አጣቢዋ እሱ እስኪመልስ በልብስ ተኳሹ እየተመራች የገጹን ታሪክ ከፈተች፤ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ሁሉ ይታያል። ያን ዓረፍተ ነገር ከሁለት ዓመት በፊት ያስገባው ራሱ ሚዛን ነው። ሲከላከል የከረመው ለመጽሐፉ ሳይሆን ለገዛ እጁ ሥራ ነው። ገጹን እስከ ዛሬ ያነበበው ሰው ብዛትም ተጽፏል፤ አሥራ አንድ ሺህ ይላል። አጣቢዋ ቁጥሩን ልብስ ተኳሹን ሁለት ጊዜ አስነበበችው። አሥራ አንድ ሺህ። ከዚህ ሁሉ ሰው ስንቱ ባልዲ ይዞ ነበር?

ረቡዕ መልስ መጣ። «መጽሐፉ የለኝም። አንድ ወዳጄ የላከልኝ የገጽ አርባ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ። የመጨረሻው ሐረግ ያልተሟላ ስለነበረ አሳጥሬዋለሁ። አሁን ተስተካክሏል።»

እውነትም ተስተካክሏል። አደገኛው ዓረፍተ ነገር ወጥቶ የገጽ አርባ ሁለቱ ቃል በሙሉ ገብቷል። ይህን ስታይ ትንፋሿ ወረደ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ጎኑ ላይ ያለችውን ማስታወሻ ግን አነበበች። ለውጡ ምን እንደሆነ ለመግለጽ ሚዛን ሁለት ቃል ብቻ አኑሯል፤ «ጥቃቅን እርማት።»

እንባዋ ደረቀ።

«ጥቃቅን?» አለች ጮክ ብላ። ጻፈችውም። «ጥቃቅን? ሰው ከሽንት ቤት እየዳኸ ወጥቷል። እርስዎ ነገር ግን የሚል ቃል ዓይንዎ እያየ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ ሳያዩ ቆረጡት። አሥራ አንድ ሺህ ሰው አንብቦታል። ይህ ጥቃቅን ከሆነ ትልቁ ስንት ሬሳ ነው?»

ሰላም ፈላጊ ወዲያው ደረሰ። «እባካችሁ፣ አንዳችን የሌላችንን ቅን ልቦና እንገምት። ሚዛን ሁለት ሺህ ገጽ የጻፈ በጎ ፈቃደኛ ነው። አንድም ቀን ሳይከፈለው፣ በነጻ ነው የሚደክመው።»

«እኔም በነጻ ነው የተናደድኩት» ብላ መለሰች።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ሌሎች፣ ስማቸውን አይታው የማታውቃቸው፣ እየገቡ መጻፍ ጀመሩ። አንዱ «ያላነበቡትን መጽሐፍ ምንጭ ማድረግ እንዴት ይፈቀዳል?» አለ። ሌላዋ «እኔም አንብቤው ነበር፤ ቤቴ አሲድ ባለመኖሩ ነው የተረፍኩት» አለች። ማስጠንቀቂያው ከሥር ተነሥቶ ከገጹ አናት ላይ ወጣ። አርብ ማታ ላይ ሚዛን እንደገና ጻፈ፤ አጭር ነው፤ «ጥቃቅን ማለቴ ትክክል አልነበረም። ገጹን መግለጥ ነበረብኝ። እህትዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት አጣቢዋ ታናሿን ለክትትል ሐኪም ቤት ወስዳት ተመለሱ። የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ታናሿ የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ደረቷ እንደ ተበሳ ጎማ ያፏጫል። አጣቢዋ ጊዜውን ለመግፋት ስልኳን አውጥታ፣ ጣቷን እያስኬደች፣ የሚዛንን ይቅርታ አነበበችላት። ከንፈሯን ደበቅ አላደረገችም።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለች ታናሿ፣ ትንፋሽ ስታገኝ።

«እኔ እንጃ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«እሱንም አላውቅ።»

«ታዲያ ማንን ነው ይቅር የምለው፣ እታለም? ስልኩን?»

ስልኩ አንድ ጊዜ ነዘረ። ሰላም ፈላጊ ነው፤ «እህታችን፣ ይቅርታ ለጠየቀ ሰው መልስ መስጠት ከሥርዓታችን አንዱ ነው። ውይይቱን ዘግተን ወደ ማህደር ልናስገባው የእርስዎን ቃል ብቻ እየጠበቅን ነው።»

አጣቢዋ ይህንንም አነበበችላት። ታናሿ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ላቧ በግንባሯ ወረደ። ከላይ የሆነ ሰው በሩን ዘግቶ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደና «ደኅና ዋሉ» ብሎ አጠገባቸው አለፈ።

«ምን ልበላቸው?» አለች አጣቢዋ።

«ይጠብቁ በያቸው» አለች ታናሿ። «ገና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት በያቸው።»

አጣቢዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ አንዷንም ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ይህንኑ ጻፈች።